ካሳነሽ የተቀመጠችበት ክረምት

ኮልፌ ቀራኒዮ
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለውዳሴ፣

ከባለቤትሽ ከባምላኩና በሆድሽ ካለው እንግዳ ጋር እንደምን ከረማችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዝናቡ ግን ልክ አጥቷል፤ አንድ ሰው የሰማዩን ቧንቧ ከፍቶ ረስቶት የሄደ ነው የሚመስለው።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። እናትሽ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላችን ታስቀምጥና "ደህና ነን በላት" ብላ ታፈጥብኛለች፤ እንዴት አድርጌ ላውራሽ? ጎረቤታችን ሹፌሩ ሞቲ ነገ ቡና ሊጭን ወደ ሚዛን ስለሚወርድ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

እንግዲህ አትደንግጪ። የእናትሽ ልብ ደክሟል። ሐምሌ ላይ ዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ልትሳፈር ስትል ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ አለች፤ ይዣት ወደ ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሙ መድኃኒት ከጻፈላት በኋላ "ዋናው መድኃኒት ግን እረፍት ነው። ክረምቱን ሙሉ ይረፉ፤ ካላረፉ ልብዎ አይችልም" አላት። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? "እሱ ደግሞ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዕድሜ ልኳን ቅቤ ስትነግድ የኖረች ሴት፣ ካገባኋት ጀምሮ አርፋ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

መጀመሪያ ያስቸገረን ጠያቂ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ "ካሳነሽ ታማለች" ሲባል እየሰማ ይመጣል፤ እሷ ደግሞ እንግዳ ገብቶ እንዴት እተኛለሁ ብላ ትነሳለች። ሻይ ትጥዳለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች። እነሱም "ኧረ አረፍ በይ!" እያሉ ሌላ ብርጭቆ ያስቀዷታል። ሁሉም በፍቅር ነው፤ ግን ማታ ማታ ከንፈሯ ይጠቁርብኝ ጀመር። በመጨረሻ የጓሮ ጎረቤታችንን እትዬ ፋሲካን ባማክራቸው "እሱማ ቀላል ነው ጋሽ ደግፌ፤ የመጣውን ሁሉ ሥራ ያስይዙት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በራችንን የረገጠ ሁሉ ምስር ያለበት ሰፌድ ይሰጠዋል። እናትሽ ሶፋው ላይ ጋቢዋን ተከናንባ "ያቺ ጠጠር አመለጠችሽ" እያለች ታዛለች። አሁን መንደሩ በሙሉ ምስር ለቃሚ ሆኗል።

እንዲህ እያልን የመቀመጥን ወግ ለመድን። ጠዋት አንቸኩልም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሬዲዮው አይሰማም፤ እናጠፋውና ዝም ብለን እናዳምጣለን። ሥራ ሳይዙ መቀመጥ መጀመሪያ ያሳፍራል፣ እየቆየ ግን ይጣፍጣል። ከምሳ በኋላ ጋደም ትላለች። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ ፍም ብቻ ሲሆን በረንዳው ላይ እሸት በቆሎ እጠብሳለሁ፤ ጥርሷ ስለማይችል እየፈለፈልኩ እሰጣታለሁ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ያበጠ እግሯን ለብ ባለ ውሃ እነክርላታለሁ። የመጀመሪያ ቀን "ሰው ያየናል" ብላ መጋረጃ አስዘጋችኝ። አሁን ትንሽ ከዘገየሁ "ደግፌ፣ ውሃው የት ደረሰ?" ባይ ሆናለች።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ከጦር ኃይሎች መድኃኒቷን ይዤ ስመለስ ሶፋው ባዶ ነው። ጓዳ ስገባ ብረት ምጣዱ እሳት ላይ ነው፣ ገብሱ እያረረ ነው፣ እናትሽ ጆንያ ተደግፋ ትንፋሿን ትፈልጋለች። ለአንቺ የአራስ ገንፎ ልታዘጋጅ ነበር። ጮህኩባት፤ ፈርቼ ነው የጮህኩት።

"ምን ላድርግ?" አለችኝ። "ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እናቷ ቤት ስትመጣ ገንፎ ማን ያብላት?"

"እኔ።"

ደረቷን ይዛ "በቃ፣ አታስቀኝ" እስክትል ድረስ ሳቀች።

ቢሆንም ወደ ኋላ አላልኩም። በማግሥቱ ትምህርት ተጀመረ፤ እሷ ወንበር ላይ፣ እኔ ምድጃው ጋ። ዱቄቱን ባንዴ ገለበጥኩትና ጓጎለ፤ የሞቲ ውሻ እንኳ አሽትቶት ሄደ። "ቀስ እያልክ በትን። እጅህ አይቁም። ሰውዬ፣ ሲሚንቶ መሰለህ እንዴ?" ስትለኝ ሰነበተች። ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ግን ጠርጋ በላች። በዚህም አላበቃችም። ሕፃን ሲታጠብ አንገቱ እንዴት እንደሚደገፍ፣ ሆዱን ሲነፋው እንዴት እንደሚታሽ፣ ሲያገሳ በየትኛው ትከሻ እንደሚያዝ፣ ትራስ አስይዛ ሁሉንም አስጠናችኝ። እኔ ክረምቱን መግፊያ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ትናንት ግን እግሯን ሳደርቅላት ቀና ብላ አየችኝና "ደግፌ፣ ለሁለተኛውም ልጅ እንዳትረሳው" አለችኝ።

"አልረሳም" አልኳት። ፎጣውን እንደያዝኩ ጓሮ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ልጄ፣ ፈርቻለሁ።

ለመምጣት እንዳሰብሽው ጥቅምትን አትጠብቂ። ሐኪምሽን ጠይቂና መንገዱን ከፈቀደልሽ ለመስቀል ነይ። ስትደውይ ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ እንዳትይ፤ ከሰማች ደህና መሆኗን ለማሳየት ብቻ ተነሥታ ግቢውን መጥረግ ትጀምራለች። "እማዬ ናፍቀሽኛል" በያት፣ ይበቃል። መጥተሽም ሻንጣሽን አትፍቺ፣ ጓዳም አትግቢ። አጠገቧ ተቀመጪና እግርሽን ጋቢዋ ውስጥ አስገቢ። የልጅነትሽን አስወሪያት፤ የእኔን ጉድ ብታወራሽም አልቀየምም።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። የሚወለደውም የሴት አያቱን እቅፍ ሞቆ ይደግ። ባምላኩን ሳሚልኝ።

ብቻ ነይ። ሁለታችሁ ተቀመጡ፤ ምድጃው ጋ እኔ አለሁ።

አባትሽ ደግፌ