ዋይፋዩ መቋረጥ ያቆመ ቀን

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ዋይፋዩ ተሠራ። ባይሠራ በወደድሁ።

ዓረብ አገር ያለችው ልጄ ሰናይት "እየተያየን እንድናወራ" ብላ ፈጣኑን ኢንተርኔት ካስገባችልኝ ወዲህ፣ ወሬ በጀመርን ቁጥር ራውተሩ ይጠፋ ነበር። በጠፋ ቁጥር እኔ እፎይ እላለሁ። አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን አታውቅም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሰው አገር ማን ደግፎ ያስለቅሳታል ብዬ ዝም አልሁ። ዝምታው እያደር ውሸት ሆነ። ስትጠይቀኝ "ጉና ወንድሙ ዘንድ ሄዷል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም" እላታለሁ።

ጠዋት የኢንተርኔት ሠራተኛው መጥቶ ቡፌውን ከፈተ። ራውተሩን አቧራ እንዳይነካው በዳንቴል ሸፍኜ ከብርጭቆዎቹ ጋር አስቀምጬው ነበር።

"እትዬ፣ ጋቢ ብቻ ነው ያላለበሱት!" ብሎ ሳቀ። "ፍጥነቱ ሲጨምር ይግላል፤ ሲግል ይጠፋል። አየር ያግኝ እንጂ።"

አውጥቶ መስኮቱ ጥግ አኖረልኝ።

ከሰዓት ደወለች። እንደ ወትሮው ጥቁሬን አውልቄ ነጭ ለብሼ ጠበቅኋት። ፊቷ ጥርት ብሎ መጣ፤ ከስታለች።

"እማዬ፣ ዛሬ አባዬን ሳላይ አልዘጋም።"

"ጉና ነው አልሁሽ እኮ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ጉና?"

ወደ ራውተሩ ዞር አልሁ። መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም፤ መስመሩም አልተቋረጠልኝም።