ጉንፋኑ ያንቺ፣ ደሙ የእኛ

መጋቢት 12

ውድ ምራቴ፣

ባልሽ ዛሬ ጠዋት ያለ ኦክስጅን መሣሪያ ተነፈሰ።

ስልክሽን ስለዘጋሽ ነው የምጽፍልሽ። እህትሽ ቤት እንዳለሽ አውቃለሁ። እናቱ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከመዋዕለ ሕፃናትሽ ጉንፋን ተሸክመሽ መጥተሽ ልጄን ፈጀሽብኝ» ስትልሽ ወጥተሽ ሄድሽ። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ጉንፋኑን ከሥራሽ ማምጣትሽ እውነት ነው። ግን ሁላችንንም ይዞናል። አንቺ ሁለት ቀን አስነጠስሽ፣ እኔ ትንሽ ሳልኩ፣ እናቱማ አፏ እንኳ አላረፈም። እሱን ግን ሳንባው ውሃ ቋጥሮ አልጋ ላይ ጣለው። ሐኪሟ ነገሩ አልዋጥ ቢላት የእኛንም ደም ወሰደች። ትናንት ውጤቱ መጣና አስጠራችን።

«ቫይረስ ሲገባ ሰውነትን የሚቀሰቅስ ዘረ መል አለ» አለች። «የእሱ አይሠራም።»

«የማንቂያ ደወሉ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው» አልኩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሌላ ምን ይላል።

«ልክ ነው። ግን ሁለት ሽቦ ነው ያለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ከእናንተ ከየአንዳንዳችሁ አንድ አንድ ተበጥሷል፤ በቀረው ትደውላላችሁ። ለእሱ የደረሱት ሁለቱም የተበጠሱት ናቸው።»

እናቱ ወደ እኔ ዞረች። «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሲያስሉ የሚኖሩት ያንተ ዘመዶች ናቸው።»

«እናቴ፣ ሁለታችሁም ናችሁ የሰጣችሁት» አለች ሐኪሟ። «እኩል።»

በትዳራችን እኩል ያዋጣነው ነገር ይህ የመጀመሪያው ነው አልኩ። ሐኪሟ ሳቀች። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ወጣች፤ ይህን ለማየት በመኖሬ ደስ ብሎኛል።

ቤት ስንገባ፣ «ልጅቷ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?» አለችኝ።

«ባለሽው።»

ባልሽ ገና ሲነቃ የጠየቀው አንቺን ነው። ሥራ ላይ ናት አልነው። «እሑድ ቀን?» አለ። የታመመው ሳንባው እንጂ ጭንቅላቱ አይደለም።

ሥራዬን ልልቀቅ እንዳትዪ። ባልሽ በየዓመቱ የጉንፋን ክትባት ይወጋል፣ ጉንፋን ሲጀምረው ሳይውል ሳያድር መድኃኒት ይወስዳል። ሐኪሟ ያዘዘችው ይህንኑ ነው፤ አንቺን አርቁ አላለችም።

ይህን የምጽፈው ላውንደሪ ቤት ተቀምጬ ነው። እናቱ ከሆስፒታል ሲወጣ እንዲለብሰው ብርድ ልብሱን አምጣ ብላኛለች፤ የላውንደሪው ባለቤት ደግሞ «ገና አልደረቀም፣ ጋሼ» ይላል። እህትሽ ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ ከማዶ ቆሞ እየሞላ ነው። ፖስታ ቤት መቼ እንደሚያደርስልሽ እንጃ። ብርድ ልብሱ ይድረቅ፤ ደብዳቤውን እኔው ይዤልሽ ተነሥቻለሁ።

የባልሽ አባት