ጀፎሯችንን አጥራችሁ ስላከበራችሁልን

ለባህል ሳምንት አዘጋጅ ኮሚቴ
ወልቂጤ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት ሆይ፤ ጤናችሁ እንደ ድምፅ ማጉያችሁ የበረታ፣ እንቅልፋችሁም ከእኔ የተሻለ ይሁን። እኔ ከከተማው ዳር የምኖር፣ ወገቤ ጎብጦ ምላሴ ያልጎበጠ ሽማግሌ ነኝ።

አስቀድሜ ላመስግን። አባቶቻችን ከደጃፋቸው ፊት ሰፊ መስክ ትተው፣ ጀፎረ ብለው ሰይመው፣ ማንም እንዳያርሰውና እንዳያጥረው ተማምለው ሲያልፉ፣ ለካ የጎደላቸው አጥር ኖሯል። ለአንድ ሳምንት በዓል ብላችሁ በቆርቆሮ ከልላችሁ፣ በር ገጥማችሁ፣ ቆልፋችሁ ጉድለታቸውን ስለሞላችሁላቸው ነፍሳቸው ትመርቃችሁ።

ይሁንና እርጅና ነገር ያበዛልና ጥቂት ቅሬታ አለኝ፦

፩. በሩ ላይ «ጀፎረ የሁሉም ነው» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ከሥሩ ደግሞ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል እንጂ ለየትኛው ልታዘዝ?

፪. በዓሉ አለፈ፤ ቁልፉ ግን አላለፈም። ላሞቻችን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳሩን እያዩ ባህላቸውን ይጎበኛሉ።

፫. ባለፈው ሐሙስ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች አረፉ። እኛ ዘንድ ልቅሶ የሚቀመጠው ጀፎረ ላይ መሆኑን በመጽሔታችሁ ሳይቀር አትማችሁታል። ሰው ከጉንችሬም ከአገናም መጣ። ዘበኛችሁ ደረጄ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉ ከእናንተ ጋር መሆኑን፣ እናንተም ለልምድ ልውውጥ ቡታጅራ መሄዳችሁን ነገረን። እናም ሴትዮዋን አስፋልት ዳር፣ መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋብን አለቀስናቸው። ልጃቸው ደረቱን ሊመታ እጁን ቢያነሳ ሚኒባስ ቆመለት። መሳቅ እወዳለሁ፤ ያን ዕለት ግን አልሳቅሁም።

፬. ለመጪው ዓመት «ልቅሶ በጀፎረ» በሚለው ትርኢታችሁ ላይ ለእንግዶች እንዳለቅስ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንባዬን አጠራቅማለሁ። እስከዚያው ግን ሬሳው የእውነት የሆነብን ሰዎች ቀድመን እንድንገባ በሩን ክፈቱልን።

አክብሮቴ እንደ ቆርቆሯችሁ የጸና፣ ከአጥሩ ወዲህ የቀረሁ ወዳጃችሁ፣
ዘመድኩን ባዩ

ማሳሰቢያ፦ ሰማንያን አልፌያለሁ። ከቁልፋችሁ ቀድሜ ከሄድሁ ልቅሶዬ እናንተ ቢሮ ግቢ እንዲሆን ለልጆቼ ተናዝዣለሁ። ዘመዴ ብዙ ነው፤ ከቸሃ ብቻ ሁለት አይሱዙ ሙሉ ይመጣል። ለወንበር አትጨነቁ፣ ቆሞ ያለቅሳል።