ሁለት መድኃኒት በአንድ ቢጫ ኩባያ

ይድረስ ለእትዬ፤ ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ለሚላት፣ እኔ ግን ብርድ ልብስ ስትነጥቀኝ ለማውቃት እህቴ።

እንደምን ከረምሽልኝ? ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው እግርሽ እንዴት ነው? ቁርጭምጭሚትሽ ማበጡን ተወልሽ? ጨጓራሽስ? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ አሁንም በሻይና በብስኩት ነው የምትውዪው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «ሁላችንም» የምልሽ ዛሬ ነው እንጂ ከሦስት ሳምንት በፊት ብዬሽ ቢሆን ውሸት ነበር። ደብዳቤ መጻፍ የያዝኩትም ለዚህ ነው። በስልክ ብነግርሽ እማዬ ከጀርባዬ ቆማ ትሰማለች፤ አንቺ ስትናደጂ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ፤ እኔም ስናደድ ቀድሜሽ እዘጋለሁ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትጨማድጂውም መልሰሽ ዘርግተሽ ማንበብሽ አይቀርም፣ አውቅሻለሁ።

ነገሩ የሚኒስትሩ፣ የትንሹ ወንድማችን ነው። ስትሄጂ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ሰባት ሊሞላው ነው። ሚኒስትሩ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰላም ሲሉት የማይመልስ፣ ያለ ቀጠሮ ማንንም የማይቀበል፣ ጠረጴዛው ላይ የደረደረው ነገር ከተነካ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጥ ሌላ ማን አለ? ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው አሉ፤ አባዬ ግን እስከዛሬ «ልጄ ወሬ አይወድም» ነው የሚለው።

ትምህርቴን ካቆምኩ ወዲህ (አስተማሪው የወረወረብኝን ዳስተር መልሼ እንደወረወርኩበት ሰምተሻል፤ እሱ ስቶኛል፣ እኔ ግን አልሳትኩትም) ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር ነኝ፣ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ሚኒስትሩ የሚበላው አንድ ምግብ ነው፤ በወተት የተፈጨ ድንች፣ በቢጫዋ ኩባያ፣ ከእኔ እጅ። ከእማዬ እጅ አይበላም። ከአባዬም አይበላም። የአንቺ ሰርተፊኬት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። የእኔ ሰርተፊኬት ያቺ ኩባያ ነበረች።

መጀመሪያ የመጣው የእማዬ ቅጠል ነው። ገበያው ጥግ ካለው ቅጠል በጣሽ አረንጓዴ ዱቄት ይዛ መጣች። የልጁ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ይወጣለታል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ እጁን መንከስም ይተዋል አላት። እሷ ትቀላቅላለች፣ እኔ አበላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያ ሳምንት ሰላማዊ ሆነ። እጁን አንድ ጊዜም አልነከሰም። እማዬ በየቤቱ ዞራ ተናገረች፤ ቅጠሉ አዳነልኝ ብላ። በዚያው ሳምንት እኔ በየቀኑ ደረጃውን አርባ ጊዜ እያወጣሁ አወርደው እንደነበር ማን ያውራ? ደረጃ መውጣት ይወዳል፤ ሲደክመው ይረጋጋል። ወጣሁ ወረድኩ፤ ምስጋናውን ቅጠሉ ወሰደው። በዱቄት ቀናሁ፣ እትዬ። ሰው በዱቄት ይቀናል?

ከዚያ የአንቺ ክኒን ደረሰ። ወላጆች የሚጻጻፉበት ቡድን ውስጥ አንብበሽ፣ እንደሱ ያሉ ልጆች ሆድ ውስጥ ፈንገስ ይበዛል፣ ፈንገሱ ሲጠፋ ልጁ ይረጋጋል ብለሽ፤ ፋርማሲያችሁ የሚመላለስ ሐኪም ልጁን በዓይኑ ሳያየው ማዘዣ ጽፎልሽ። ግማሽ ግማሹን ፈጭታችሁ ከምግቡ ጋር ስጡት አልሽ። ሁለታችሁም እኮ የከሰሳችሁት ያንኑ ሆዱን ነው፤ የተጣላችሁት በዐቃቤ ሕጉ ነው፣ ቅጠሉ ይሁን ክኒኑ በሚለው። አንቺ «ምን እንዳለበት የማይታወቅ ቅጠል ታበሉታላችሁ?» ስትዪ፣ እሷ «የአንቺስ ክኒን ከሰማይ ወረደ?» ስትል፣ እኔ ስልኩን ይዤ መሀላችሁ ቆሜ ነበር፣ እንደ ስልክ ማስቀመጫ። አንዳችሁም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላላችሁኝም። በመጨረሻ አባዬ ሁለቱም ይቅር ብሎ ፈረደ። እማዬ ዱቄቱን ጣልኩት አለች። እኔ ክኒኑን ጣልኩት አልኩ። ሁለታችንም አልጣልንም።

የእማዬ ምክንያት ሠርቷል ብላ ማመኗ ነው። የእኔን ምክንያት ለመጻፍ ደግሞ ይኸው ሦስት እስክሪብቶ ቀያየርኩ። ልጁን አስቤ አይደለም። ቅጠሉ ከሠራ የእማዬ ነው፤ ክኒኑ በግልጽ ተሰጥቶት ከሠራ የአንቺ ነው። በድብቅ ሰጥቼው ከዳነ ግን የእኔ ይሆናል፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» እላለሁ ብዬ ነው። ቅናት ነው። ሌላ ስም የለውም።

እማዬ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ድንቹን ፈጭታ ኩባያው ውስጥ አድርጋ ትከድነዋለች። እሷ እንደወጣች ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ አደቅቅና ከላይ ጣል አደርጋለሁ። እንዳይመረው ስኳር እጨምራለሁ። ለካ እሷም ከታች ዱቄቱን ጨምራ፣ እንዳይመረው ብላ ማር አድርጋበት ኖሯል። ዘጠኝ ቀን እንደዚህ በላ። ፊቱን እያጨፈገገ በላ፤ ምክንያቱም እኔ ነኝ የማበላው። ስድስተኛው ቀን ላይ «ዛሬ በስሜ ጠራኝ» ብዬ መልእክት ላክሁልሽ፤ አንቺም ፋርማሲው ውስጥ ቆመሽ አለቀስሽ። ውሸቴን ነው። ማንንም በስም ጠርቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መልእክት ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተቀርቅሯል።

አሥረኛው ቀን ኩባያዋን አሸተታት። አልጮኸም። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ገለበጣትና በአንድ ጣቱ እየገፋ ግድግዳው ድረስ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ከእኔ እጅ ምንም አልበላም። በሌላ ኩባያ ሞከርኩ፣ በሳህን ሞከርኩ፣ አዲስ ድንች ፈጨሁ፤ አፉን ገጥሞ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ውሃ ብቻ ከቧንቧው በገዛ መዳፉ እየቀዳ ይጠጣል። በአራተኛው ቀን ሱሪው ከወገቡ ላይ እየተንሸራተተ በአንድ እጁ ይዞት ነበር የሚሄደው። እማዬ ታለቅሳለች፣ እኔ እሳደባለሁ፤ ግን ሁለታችንም የደበቅነውን አላወጣንም። አባዬ ሥራውን ትቶ አቅፎት ሕፃናት ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጫማዋ ላይ ቀለም የፈሰሰባት። ምን ሲወስድ ነበር ብላ ጠየቀች። እማዬ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። «እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ካላወቅኩ ግን ምን እንደምመረምር አላውቅም» አለችን። አባዬ እማዬን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እማዬ «ቅጠል» ስትል እኔ «ክኒን» አልኩ፣ እኩል። «የትኛውን?» አለች ሐኪሟ። «ሁለቱንም» አልኩ። አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአንድ ኩባያ?» አለ። ብቻ ይቺን።

እሷ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ፣ ይጠቅምሻልና። የፈንገስ መድኃኒት ተመርምሮ ፈንገስ ለተገኘበት ሰው የሚታዘዝ እንጂ ለኦቲዝም የሚሰጥ አይደለም አለች። ለኦቲዝም እንደሚረዳ የታወቀ ነገር የለም፤ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችልም ያለ ክትትል አይሰጥም። ስለ ቅጠሉ እማዬ «የተፈጥሮ ነው እኮ» ስትላት፣ የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ ለሕፃን ይሆናል ማለት አይደለም፣ ምን እንዳለበትና መጠኑን ካላወቅን እሱም ጉበት ሊነካ ይችላል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ እንኳን መለየት ያስቸግራል አለች። ግሉኮስ አደረገችለት፣ ደም ወሰደች። የጉበቱ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ሁሉንም አቁማችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ አምጡት አለች። ልንወጣ ስንል ወደ እኔ ዞራ፣ «የሚያምነው አንድ ምግብ ነበረው። እሱን ነው የነካችሁበት። ሁለተኛ ምግቡ ውስጥ ምንም አትደብቁ፤ መድኃኒት ቢያስፈልገው እንኳን እያየ፣ ለብቻው፣ በሌላ ማንኪያ ይሁን» አለችኝ። ዳስተር ቢወረውሩብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ሚኒስትሩ ምድር ቤት ያለችው ዚፕ ቀያሪዋ በር ላይ ከአባዬ እጅ ወርዶ ገባ። ታውቂያታለሽ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምታወራዋ። የተነቀሉ የዚፕ ጭንቅላቶች የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ አላት፤ እሱ ከጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጦ በየመጠናቸው ይደረድራቸዋል። ሴትዮዋ ደረቅ ዳቦ እየበላች ነበር። ቆርሳ፣ ዓይኗን ከምታበጀው ሱሪ ላይ ሳታነሳ፣ እጇን ወደ ታች ዘረጋች። ወሰደ። አሸተተ። በላ። ሁለተኛም ቆረሰች፣ ሁለተኛም በላ። እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። እኔስ? በአራት ቀኑ እህል ሲቀምስ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያበላሁት ልጅ ከዚያች እጅ፣ የማሽን ዘይት ከነካው ጣት። «ምን አስነክተሽው ነው?» አልኳት። መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣችና «ምንም። እሱ እኮ ነው የሚበላው» አለችኝ። ከዚያ መልሳ መርፌውን ነከሰች።

እሷ ከነገሩ ምንም አታውቅም፣ እንዲሁ የመጣላትን ነው ያለችው። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለማንም እንዳታወሪ።

ከዚያ ወዲህ የሚበላው እሷ ዘንድ ብቻ ነበር፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ነጩን ብቻ። እኔ በር ላይ ቆሜ እንደ ዘበኛ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደሙ በድጋሚ ታየ፤ ጉበቱ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ክብደትም ጨምሯል። የቀረውን ክኒን ሐኪሟ ተቀብላኛለች፣ ዱቄቱን አባዬ ራሱ አፈሰሰው። እጁን አሁንም አንዳንዴ ይነክሳል። ደረጃውን አሁንም እንወጣለን፤ ለዚያ እኔን አልተወኝም።

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ዚፕ ቀያሪዋ ዘግታ ስለነበር ቤት ዋለ። ድንቹን እሱ እያየ ላጥኩ፣ እያየ ፈጨሁ፣ ወተቱን እያየ ጨመርኩ፤ ድስቱን መሀል አስቀምጬ ለእኔም ለእሱም በነጭ ሳህን አወጣሁ። አልለመንኩትም። የራሴን መብላት ጀመርኩ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የእሱን ሳህን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። አልፈልግም ማለቱ መሰለኝ። ግን ጣቱን ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አላነሳም፤ አፌን ነው የሚያየው። ቅመሺ ማለቱ ነው። ከሳህኑ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ስውጥ ጉሮሮዬን አየ። ጠበቀ። ሳህኑን ወደ ራሱ ጎትቶ በገዛ እጁ በላ፣ እስከ ታች። ማታም እንደዚያው፣ ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው። ሳልቀምስ አይነካም። እማዬ እኔ ልቅመስለት ብላ ማንኪያ አነሳች፤ ሳህኑን በክንዱ ከለለባት። ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከእጄ አይበላም፣ እትዬ። ምናልባት ሁለተኛ አይበላም። ያቺን ቦታ ራሴ ነኝ ያጣኋት። ግን ከምግቡ በፊት የሚያየው የእኔን ጉሮሮ ነው፤ ይህንን ለማንም አላካፍልም፤ ለእማዬም፣ ለዚፕ ቀያሪዋም፣ ለአንቺም። ስለዚህ ሁለተኛ መድኃኒት እንዳትልኪ፤ ሐኪሟ ካላዘዘች ቫይታሚን እንኳን ቢሆን። ያ ቡድናችሁ ውስጥም ጻፊላቸው፣ ምግቡ ውስጥ ምንም አትደብቁ ብለሽ። እህቴ ነች ያበላሸችው ማለት ከፈለግሽ በይ፣ ፈቅጃለሁ። ስሜን ጠራኝ ያልኩሽን ግን ይቅር በይኝ።

አባዬ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል፣ ወገቡ ተሽሎታል። እማዬም ሰላም ትልሻለች፤ ስለ ክኒኑ አንቺን አትወቅስሽም፣ አንቺም ስለ ቅጠሉ አትውቀሻት፣ አሁን እኩል ናችሁ። አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ሳሏ ጠፋላት? አከራይሽንም፣ በመስኮት የምታይሽን ድመቷንም። ዚፕ ቀያሪዋ ሰላም በያት ብላኛለች፣ ወድጄ አይደለም የጻፍኩት። ሚኒስትሩ ሰላም አይልክም፤ ሰዓቱ ደርሶ ደረጃው ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

ታናሽሽ
ከቤት፣ ከደረጃው በር አጠገብ
ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን