ከአፈር የጸዳ ዘር

ግንቦት 4፣ ጠዋት
የዞኑን ዘር ቁጥጥር መ/ቤት በር ሳልከፍት አያ ውበቱ ቀድመውኛል። ከአዘና ድረስ። የድንች ዘር አባዥ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ጥያቄያቸው ያው ነው፣ ዘሩ መቼ ይመረመራል? ቡቃያ አውጥቷል፣ ዝናቡም ጀምሯል። ምን ልበላቸው፣ ማስታወሻዬ? እስከ አምና እኔው ሄጄ አያለሁ፣ በአዊኛና በአማርኛ የተጻፈውን የዞናችንን መለያ ጆንያው ላይ እሰፋለሁ፣ አለቀ። ዘንድሮ አገራችን ከጎረቤት አገሮች ጋር የጋራ የዘር ገበያ ውል ተፈራርማለች። ደረጃው ለሁሉም አንድ፣ መርማሪው ከአዲስ አበባ። የእኛ መለያ ለዳንግላ ገበያ እንኳ አይሠራም።

ግንቦት 6፣ ከሰዓት
አዘና። ደረጃውን በአዊኛ አነበብኩላቸው። ክፉ አይደለም፤ የታመመ ዘር ከየትም እየገባ ስንት ማሳ አጥፍቶብናል። አንዱ አንቀጽ ላይ ዘሩ ከአፈር የጸዳ ይሁን ይላል። አያ ውበቱ እጃቸውን አወጡ፦ እንደ ወትሮው በደረቁ ብናራግፈው ይበቃል ወይ? አምና ቢሆን አዎ ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ማብራራት ክልክል ነው። ሥልጣኑ የአዲስ አበባው ምርመራ ማዕከል ነው፣ ከአፍሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣ ብሎኛል ኃላፊዬ። ጠይቄ እነግራችኋለሁ አልኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ግንቦት 7
ማዕከሉ ከስንት ሙከራ በኋላ ስልክ አነሣ። ጥያቄሽ ለአገሮቹ የጋራ ኮሚቴ ይቀርባል አሉኝ። ድንች ማራገፍ፣ ለአገሮች ኮሚቴ! ሳቄ መጣ። ቆይቶ ሆድ ባሰኝ። ኃላፊዬን ዞኑ የራሱ ም/ቤት ያለው ለምኑ ነው አልኩት። ም/ቤቱም ክልሉም የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነው አለኝ። ክልሉ ተቃውሞ ጽፎ ነበር አሉ፤ ፌዴራሉ ውል ውል ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ።

ግንቦት 11
መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክም ጠፍቶ ሰነበተ። ዛሬ ሁለቱም ተከፈቱ፤ መርማሪው ነገ ይገባል። መልስ ግን አልመጣም። አያ ውበቱ ጋ ደወልኩ። ተዘጋጅተናል ልጄ፣ አታስቢ አሉኝ። ድምፃቸው ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

ግንቦት 12፣ ማታ
አጥበውታል። ማስታወሻዬ፣ የዘር ድንች አጥበውታል። ሴቱ ወንዱ በደቦ ተጠራርቶ፣ ከወንዝ ውኃ እየቀዳ። መልስ ሲያጡ፣ ለማዕከል እንግዳ ጭቃ ከማሳየት ይሻላል ብለው። ዘር እንደማይታጠብ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲዘሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ፈርተው ነው። ሰማዩ እንደ ደፈነ ስለ ሰነበተ አልደረቀም። መጋዘኑ ሲከፈት ሽታው መታን። አንዱን ባነሣው እጄ ላይ ሟሸሸ። መርማሪው ጨዋ ልጅ ነው፤ እያዘነ ውድቅ አለው። እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። በደረቁ ማራገፍ ይበቃ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንዴታ፣ ይህም ይጠየቃል አለኝ። አያ ውበቱ ግድግዳውን ተደገፉ። የሚሸጡትም የሚዘሩትም ያ ብቻ ነበር።

ግንቦት 13
መጋዘኑ ጥግ ያለው ክምር አልታጠበም፣ ጊዜ አጥሯቸው። ለብቻው ነው፣ ደህና ነው፤ ቀኑን ሙሉ እያገላበጥኩ አየሁት። ደረጃው ግን የሚጥለው መጋዘኑን በሙሉ ነው። ድጋሚ ምርመራ ከክረምት በኋላ። ከክረምት በኋላ ምን ሊዘሩ? መለያ የሌለውን ደግሞ ማንም አይገዛቸውም። የእኛን መለያ ግን ገበሬው ዛሬም ያምነዋል። የዞኑን መለያ ልስፋበት ወይ አልኩት ኃላፊዬን። አርፈሽ ተቀመጪ፣ ልጆችሽን አስቢ አለኝ። እነሱንም አስቤያለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

ግንቦት 14፣ ንጋት
ከአምና የተረፉት መለያዎች ከመሳቢያዬ ወጥተዋል። መርፌና ሲባጎ ይዣለሁ። ሕግ መጣስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሥራ ያባርሩኛል። ማን እንደሰፋው እንዳይጠፋቸው በእያንዳንዱ ላይ ስሜን ጽፌያለሁ። የአዘናው ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። ዛሬ አያ ውበቱ ምንም ቢጠይቁኝ፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ አልልም።