የተቀበረ ነገር አምጡ

ቅዳሜ

ሃያ ሁለት ናቸው! አሥራ አምስት ይመጣሉ ተብዬ መቀሱንም ጭቃውንም ወንበሩንም ያዘጋጀሁት ለአሥራ አምስት ነበር። ሰባቱን ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወንበር የያዙት ቀንተው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ወንበር የፈለገ የለም።

እኔ በዚህ ሙዚየም ሦስት ዓመት ሙሉ የጠረግኩ ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ እያለሁ የሥዕል አስተማሪ እንደነበርኩ ለወይዘሮ ሁዳ የነገርኳቸው ባለፈው ረመዳን፣ እንዲያው በወሬ መሃል ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይሻላል። «ታዲያ መጥረጊያ ምን አስያዘሽ?» አሉኝ። አሁን ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆች ካምፕ ከፈቱና የእጅ ሥራውን ክፍል ለእኔ ሰጡኝ። ለአንድ ወር ሙከራ። ከዚያ ቦርዱ ይወስናል። የመኖሪያ ፈቃዴም በዚሁ ሥራ ነው የሚታደሰው።

የሚያስፈራኝ ሱማልኛዬ ነው። የገበያ ሱማልኛ። ዋሄን ገበያ ቲማቲም ስገዛ ማንም አይስቅብኝም፤ ልጆች ግን ይስቃሉ። ዛሬ አራቴ ሳቁ።

ያልሳቀች አንዲት አለች። ኢፍራህ ትባላለች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአያሃ፣ ከተፈናቃዮች ሰፈራ፣ በነፃ ከገቡት አምስት ልጆች አንዷ። እንደ ሌሎቹ አትንጫጫም። የተሰጣትን ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ሌላ ሥራ ትጠብቃለች።

እሑድ

ለማክሰኞ «የቤታችን ሙዚየም» የሚል አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ አሮጌ ነገር ያመጣል። ካርድ እንጽፍለታለን፦ ምንድን ነው፣ ማን አገኘው፣ የማን ነው። ልክ እንደ ትልቁ አዳራሽ።

ወይዘሮ ሁዳ የምናገረውን በሱማልኛ ጻፉልኝ። እኔ ደግሞ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ረስቼው በቃሌ ተናገርኩ። አንድም አልሳቀም! ዛሬ ማታ ለራሴ ሻይ በወተት ይገባኛል።

ሲወጡ ኢፍራህ ቀርባ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ትልቅ ቢሆንስ?» ያለችው ገባኝ። የቀረውን አልያዝኩትም። «መሸከም የምትችዪውን» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ለወላጆች ወይዘሮ ሁዳ በዋትሳፕ ቡድን መልእክት ልከዋል። የአያሃዎቹ ወላጆች ቡድኑ ውስጥ የሉም። ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯቸዋል ብዬ ተውኩት።

ሰኞ

የቦርዱ ሰብሳቢ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩን። በሱማልኛ «ይቺ የጽዳት ሠራተኛዋ አይደለችም እንዴ?» አሉ፣ የማይገባኝ መስሏቸው። ልክ በዚያች ደቂቃ አንዱ ትንሽ ልጅ ጭቃውን ጎረሰ።

አፉን ሳስተፋው ሰብሳቢው አልሳቁም። ሌላ ምን ልጻፍ።

ማክሰኞ

በተርታ ለመጻፍ ልሞክር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ያመጡትን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። የእንጨት የግመል ቃጭል። የአያት መነጽር፣ አንድ መስተዋቱ የወለቀ። ካሴቶች። ከዛፍ ሥር የተሠራ የወተት ዕቃ። ቁልፉ የጠፋ ሬዲዮ። ኢፍራህ መጨረሻ ገባች። በሻሿ የጠቀለለችውን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አቅፋ። ከአያሃ እስከዚህ በሚኒባስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የመጣችው። ቀስ ብላ አስቀመጠችውና ገለጠችው።

ክንድ የሚያህል ብረት። ሆዱ ወፈር ያለ። ጭቃና ዝገት ተጋግሮበታል፣ በጭራው በኩል ትናንሽ ክንፎች አሉት። የውሃ ፓምፕ ዕቃ መሰለኝ። «ማሻ አላህ፣ ከሁሉም የሚበልጥ አሮጌ ይሄ ነው» አልኩ። የጥርስ ብሩሽ አነሳሁና ጭቃውን መፈግፈግ ጀመርኩ። እንዳይንከባለል ኢፍራህ ያዘችልኝ።

ፈገፈግኩት። ይህን መጻፍ አለብኝ። ፈገፈግኩት።

አደር ፋራህ፣ ዘበኛው፣ ለልጆቹ ውሃ ይዞ ገባ። ሽማግሌ ነው፤ «አደር» ማለት አጎት ማለት ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራው። በወጣትነቱ ተዋጊ ነበር። ጠረጴዛውን ሲያይ ቆመ። ባልዲውን አልጣለውም፤ ቀስ አድርጎ ደፉ ላይ አስቀመጠው።

«ሐያት፣ ብሩሹን ተዪ። እጅሽን አንሺ። ብረቱን እንዳታንቀሳቅሺው» አለኝ። ድምፁ ጸሎት የሚያደርግ ሰው ድምፅ ነበር። በዕድሜዬ ሱማልኛ እንደዚያ ጥርት ብሎ ገብቶኝ አያውቅም። «የሞርታር ቅምቡላ ነው። አልፈነዳም።»

ብጮህ ይበተናሉ። ቢበተኑ ጠረጴዛውን ይገፉታል። «አሁን የግመል ጉዞ እንጫወታለን፤ ሁላችሁም የፊተኛውን ቀሚስ ያዙ፣ ድምፅ ያሰማ ግመል ወደቀ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ወጡ። ግቢውን አቋርጠን፣ በሩን አልፈን፣ መንገዱን ተሻግረን መስጊዱ ግድግዳ ሥር አስቀመጥኳቸው። አደር ፋራህ መንገዱን ለመዝጋት ሮጠ፣ ወይዘሮ ሁዳ ፖሊስ ደወሉ።

ቆጠርኩ። ሃያ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ አንድ።

ኢፍራህ።

ተመልሼ ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ ቆማለች። ሻሿን ዘርግታ፣ ሁለቱንም እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ልታነሳው ነበር።

«ኢፍራህ፣ እጅሽን አንሺ፣ የኔ እናት።»

«አደር ፋራህ ሊወስድብኝ ነው።»

«አደገኛ ነው፣ ነይ።»

«አንቺ ነሽ ያዘዝሽው!» ልታለቅስ ደርሳ ነበር። «የተቀበረ ነገር አምጡ አልሽ። እነሱ ያመጡት ከቁምሳጥን ነው። የተቀበረ ያመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

እዚያው ቆሜ ገባኝ። አሮጌ በሱማልኛ «ዱግ» ነው። የተቀበረ ደግሞ «ዱገን»። እኔ እሑድ ዕለት ያልኩት «ዱገን» ነበር። የሌሎቹ ወላጆች በስልክ የተላከውን አንብበው ትክክለኛውን ነገሯቸው። ኢፍራህ ግን የሰማችው የእኔን አፍ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አራት የአያሃ ልጆች የተቀበረ ነገር አጥተው ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት።

ብጎትታት ይወድቃል። ቀረብኩ። «ካርድ አልተጻፈለትም» አልኳት። «በሙዚየም ካርድ የሌለው ዕቃ አይነሳም። ማን አገኘው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ። አባቴ ሲቆፍር።»

ካርድ ወሰድኩ። ኢፍራህ፣ አያሃ፣ ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ የሰው ፊደል አይመስልም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸው። የአንቺ መሆኑን የገባ ሁሉ ያነባል። አሁን ነይ።»

ካርዱን አነበበችው። አንድ እጇን አነሳች። ኋላ ሌላውን። ብድግ አድርጌ አቀፍኳት፣ እስከ ግቢው በር በእርምጃ ሄድኩ፣ ከበሩ በኋላ ሮጥኩ።

ፈንጂ አምካኞቹ መጥተው በአሸዋ በተሞላ ሣጥን ወሰዱት። ከመሄዳቸው በፊት አንደኛው ኢፍራህ ፊት ቁጢጥ ብሎ «የት ነው የተገኘው?» አላት። አባቷ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፍር አለችው። «ብቻውን ነበር?»

ሦስት ጣቷን አነሳች። «ትንሿን ነው ያመጣሁት። ሌሎቹን መሸከም አልቻልኩም።»

ረቡዕ

ትናንት እዚያ ላይ ደከመኝ፤ የቀረውን ዛሬ ልጻፍ።

የአባቷ ስልክ አይሠራም። ኢፍራህ እጄን አልለቅም ስላለች እኔም ከወይዘሮ ሁዳ ጋር በአምካኞቹ መኪና ኋላ ተከትለን አያሃ ሄድን። መንገዱ ኮረኮንች ነው።

እናትየው ልብስ ታጥባለች። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጇ የውሃ በርሜሉን ተደግፎ ለመቆም ይለማመዳል። ኢፍራህ በጣቷ በርሜሉን አሳየች። በርሜሉ እንዳይዘም በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ብረት ተደርጎበታል። ሁለተኛው እሱ ነበር። ሕፃኑ በርሜሉን ይገፋል፣ በርሜሉ ይነቃነቃል፣ ሕፃኑ ይስቃል።

አምካኙ እናትየውን «ልጁን አንሺውና ወደ እኔ ነይ፣ ቀስ ብለሽ» አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ፊቱን አይታ አነሳችው። ሦስተኛው የፍየሎቹ አጥር ውስጥ በድንጋዮቹ መሃል ተሰክቶ ተገኘ። ጎረቤቱን ሁሉ አስወጡ። ከሰዓት በኋላ፣ በዐስር ሶላት ሰዓት፣ አለቀ። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።

ስንመለስ ወይዘሮ ሁዳ መሪውን እንደያዙ «ልጅቷ ይህን ማምጣት ከየት መጣላት?» አሉ። «ወላጆቹ ከአሁኑ የሰፈራ ልጆችን ስለምታስገቡ ነው እያሉኝ ነው።»

እስከ ሰፈሬ ጅግጅጋ ያር ድረስ መስኮት መስኮቱን እያየሁ መጣሁ። ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ «ዕረፊ፣ ዛሬ ትልቅ ሥራ ሠርተሻል» አሉኝ። ያ ቃል ቆረቆረኝ።

ካምፑ ተዘግቷል። ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ።

ሐሙስ

ከመሄዴ በፊት ያሰብኳቸው፦ ዝም ብል ማን ያውቃል? የምታስታውሰው ኢፍራህ ብቻ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅን ማን ይሰማል። ብናገር ሥራው ይሄዳል፣ ከሥራው ጋር ፈቃዱ፣ ከፈቃዱ ጋር እኔ። ለእናቴ ምን ብዬ ኮምቦልቻ እገባለሁ?

ሦስት ዓረፍተ ነገር በሱማልኛ ጻፍኩ። የምታከራየኝን ሴትዮ አስነብቤ አሳረምኳቸው። ኪሴ ውስጥ ይቀመጡ ብዬ ነው፤ እናገራለሁ ብዬ አልወሰንኩም።

አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው ብዙ አልተናገሩም። ካምፑ ይቀጥላል፣ አምስቱ የአያሃ ልጆች ግን ይቀራሉ። «ከቤታቸው ምን ይዘው እንደሚመጡ አናውቅም» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ሁዳ ተከራከሩ፤ ብቻቸውን ነበሩ። ከአያሃ የመጣ ወላጅ የለም። የኢፍራህ አባት የቀን ሥራ ላይ ነው።

ተነሳሁ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩ። አሮጌ ነገር አምጡ ልል ብዬ የተቀበረ ነገር አምጡ ብያለሁ። ልጅቷ የታዘዘችውን አመጣች። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዲት ሴት በአነጋገሬ ሳቀች። ከዚያ ትርጉሙ ገባትና አፏን ያዘች።

«ስለዚህ ልጆቻችንን ልታስፈጂ የነበርሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አዎ» አልኩ። «ልጅቷ ግን ምን አጠፋች?»

ከኋላ አንድ አባት ተነስቶ፣ እሷ ባታመጣው ያ ቤት እስከ ዛሬ አይኖርም ነበር አለ። ሌላው ጮኸበት። አንድ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቁ፤ ግማሹ አልገባኝም። መጨረሻ ላይ የሆነው፦ አምስቱ ልጆች ይቀጥላሉ። እኔ ቦርዱ ማክሰኞ እስኪወስን ክፍል አልገባም፣ ወደ ጽዳቴ እመለሳለሁ።

ሰው ሲወጣ ወይዘሮ ሁዳ ቢሯቸው ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ እሑድ የጻፉልኝ ወረቀት ተቀምጧል። «ማክሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ አገኘሁት» አሉ። «ገምቼ ነበር። መኪና ውስጥ እንድትነግሪኝ ነበር የጠየቅኩሽ።»

«ፈራሁ።»

«ሰው ፊት ከመናገርሽ በፊት ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር? እንደ ሞኝ ስከራከር ትሰሚያለሽ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ወረቀቱን አጥፈው «ሂጂ፣ ምሳ ብዪ» አሉኝ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ዓርብ

ሙዚየሙ ዝግ ነው። ልብስ አጠብኩ። ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ። እናቴ ደወለች፤ «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አለች። ደህና ናቸው አልኳት። እውነት ነው፣ ደህና ናቸው።

ቅዳሜ

መጥረጊያዬን ይዤ ደጁ ላይ ነበርኩ። ይመጡ ይሆን ብዬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሬ አንድ ቦታ እጠርጋለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ማንም የለም። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጭቃ የጎረሰው ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ። እናትየው ሰላም አላለችኝም፤ ልጁ ግን እግሬን አቅፎኝ ገባ። ከዚያ በሁለት በሦስት መጡ። ከግማሽ ይበልጣሉ። ወይዘሮ ሁዳ አንዱን አምካኝ ጋብዘውታል፤ ዛሬ ለልጆቹ ምን እንደማይነካ፣ ቢያዩ ለማን እንደሚናገሩ በሥዕል ያሳያቸዋል። እኔ ክፍል መግባት ስለማልችል በሩን ገርበብ አድርገው ተዉልኝ።

ኢፍራህ ዘግይታ መጣች። ከአባቷ ጋር። ቀጭን ሰው ነው፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። እሷ ሮጣ ገባች። እሱ እኔ ጋ ቆመ። ሊሰድበኝ የመጣ መስሎኝ መጥረጊያውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ቃሉን የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ቀስ ብሎ፣ ይገባኝ እንደሆነ እያየ፣ ነገረኝ። ጉድጓዱን ሲቆፍር ትልቁ ብረት ድንጋይ መስሎት በድጅኖ መትቶታል። እንዴት እንደመታው በባዶ እጁ አሳየኝ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ሦስተኛው ላይ እጁ አየር ላይ ቀረ። አልወረደም። ፊቱ ተለወጠና ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ማክሰኞ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው ቤቱ የደረሰው፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ያቺን ሦስተኛ ምት ለማንም አልተናገራትም።

ውሃ አመጣሁለት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ልጆቹ አምካኙን በአንድ ጊዜ ሲጠይቁት ይሰማል፣ የኢፍራህ ድምፅ ከሁሉም በላይ።

ማክሰኞ ቦርዱ ምን እንደሚል አላውቅም። ወይዘሮ ሁዳ ደብዳቤ ጽፈውልኛል፤ ምን ብለው እንደጻፉ አላሳዩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አባትየው ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ። አላመሰገነኝም፣ አልወቀሰኝም። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፣ ወደ ክፍሉ በር አንዴ አየ።

«ስንት ሰዓት ልምጣላት?» አለኝ።

«ስድስት ተኩል» አልኩት።

ወደ ሥራው ሄደ።