ለእማዬ ካርታ ሳነብላት

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ዓይኗ ከመድከሙ በቀር ደህና ናት። ስኳሩ ቀስ በቀስ ጋርዶባት አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። ትበላለች፣ ትቀልዳለች፣ ጎረቤት ታማለች፤ ስለዚህ አታስብ።

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንቴ እንደቀደድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እጄን የሚይዘኝ ሐፍረት ነው።

እማዬ በመጫወቻ ካርታ የሰው ዕድል ትገልጥ እንደነበር ታስታውሳለህ። የሰው ቀሚስ ገሸሽ አድርጋ በስፌት ጠረጴዛው ላይ ለጎረቤት ሴቶች ስትዘረጋ፣ እኔና አንተ በር ላይ ሆነን አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ዓይኗ እምቢ ሲላት እኔ እንድማርላት ለመነችኝ። ነጭ ጋውን ለብሼ መድኃኒት ቤት የምውል ሰው ካርታ ልገልጥ? አይሆንም አልኳት። ኩርፊያዋን ታውቀዋለህ፤ ቤቱ ውስጥ የሚተነፈስ አየር አይቀርም። ተሸነፍኩ።

እሷ ትበውዛለች፣ እኔ በሦስት ረድፍ እዘረጋለሁ። የላይኛው ያለፈው ነው፣ የመካከለኛው ያለንበት፣ የታችኛው የሚመጣው። ቀይ አስር ቤት ነው፤ ጥቁር ዘጠኝ እንባ፤ ጥቁር ስድስት መንገደኛ። ካርታ ብቻውን አይናገርም፣ ጎረቤቱን ጠይቂው ትለኛለች፤ ንጉሡ እንኳ ከእንባ አጠገብ ከወደቀ ከአሽከር አይሻልም። መጀመሪያ እንደ ፊደል ቆጣሪ እየተኮላተፍኩ ነበር የማነበው። እያደር ምላሴ ተፈታ። አልዋሽህም፣ ወደድኩት። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ አለቃዬ፣ ካርታውን ቦርሳዬ ውስጥ አይታ አሳፈርሽን ስትለኝ ውላ፣ ማምሻውን መጋረጃውን ሳብ አድርጋ፣ እስቲ ለኔም አንዴ ዘርጊልኝ አለችኝ።

እማዬ የምትጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ይመጣል ወይ? ባሕር ተሻግረህ ከሄድክ፣ ደብዳቤህም ከተቋረጠ ወዲህ ሌላ ጥያቄ የላትም። መጀመሪያ የዘረጋሁላት ቀን የታችኛው ረድፍ እንባ በእንባ ሆነ። ጆሮዋን አቁማ ትጠብቀኛለች። አላስቻለኝም፤ ጥቁር ስድስት ወጥቷል፣ መንገደኛው ተነሥቷል አልኳት። እሰይ አለች። ከዚያ ወዲያ በዘረጋሁ ቁጥር ጥቁር ስድስት ይወጣልኝ ጀመር። አንዴ ከቀይ አስር አጠገብ፣ አንዴ ከንግሥቲቱ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ለማታይ እናት ዓይን ልሁናት ብዬ እዋሻታለሁ፤ ደግሞ ሲያምርብኝ! አልጋውን አንጥፊለት ትለኛለች፤ አነጥፋለሁ።

ባለፈው እሁድ እንደ ልማዴ፣ ጥቁር ስድስት መጣ፣ ያውም ደጃችን ደርሷል ስላት ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ እጄን ያዘችና፣ ልጄ፣ ጥቁር ስድስት እኮ እዚህ ውስጥ የለም አለችኝ። ወንድምሽ ሲሄድ መንገዱን እንዲያቀኑለት ብዬ ሁለቱንም የኮቱ ኪስ ውስጥ የከተትኳቸው እኔው ነኝ።

ወንድም ጋሼ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽኝ ብላት፣ አንቺ ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ ነዋ ብላ ሳቀች። ጥቂት ቆይታ ሳቋ ጠፋ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው አለች። ሊያጽናና የሚዋሽ ሰው ድምፁ ይለሰልሳል፣ ያንቺም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር። አሁን አሁን ግን ቅርብ ነው፣ ደጃችን ነው ስትይኝ ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል። ምን አይተሽ ነው?

ውሃው ሳይገነፍል ላውርደው ብዬ ተነሣሁ። የተጣደ ውሃ አልነበረም።

ለአንተ ግን ልንገርህ። ባለፈው ወር ከአለቃዬ ጋር የመድኃኒት ካርቶን ልንረከብ ጭነት መኪናዎቹ የሚራገፉበት ግቢ ሄደን ነበር። አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ አለፈ። ግራ እግሩን ሳብ ያደርጋል፤ ልክ አንተ ከዛፍ ወድቀህ ከተሰበርክ ወዲህ እንደምትራመደው። አየኝ። ጆንያውን ወደ ፊቱ ጎተት አደረገው። እኔስ ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? የጋውኔን ቁልፍ ዘግቼ፣ በዚያኛው በር ብንሄድ ይሻላል አልኳት አለቃዬን። ሰውየው ይፈር አይፈር አላውቅም። ያፈርኩትን እኔ አውቃለሁ። እሱ ደክሞ ሠርቶ ነው የሚበላው፤ እኔን ምን ነካኝ?

ለአለቃዬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ለነገ ፈቃድ ሰጠችኝ። ደብዳቤው ቴምብር የለውም፤ ለአውራጆቹ አለቃ በእጁ ነው የምሰጠው። በግቢው በር ላይ እቆያለሁ። ልታነጋግረኝ ካልፈለግክ አልከፋም።

ምን እንደገጠመህ አልጠይቅህም። እማዬም አትጠይቅህም። የለበስከውን አታይም፤ እጇ የሚፈልገው ፊትህን ብቻ ነው። ባዶ እጅህን ና።

ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ክፉ አይንካህ። እሷም ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆማ፣ የሄደበት ይቅናው፣ እንቅፋት አይምታው እያለች ትመርቅሃለች። ፊቷን የምታዞረው ወደ ባሕሩ ነው። በዚያ በኩል አይደለም ልላት እስካሁን አልደፈርኩም።

በራሷ ያፈረች
ታናሽ እህትህ